ከሙዙ ሥር ሳያስፈቅዱ የረጩት ውሃ

ወዳጄን ኤይላን ለገና ሐይቅ ዳር ወዳለው ቤቴ መጥታ ሳውና እንድትገባ ከጠየቅኳት ሰንበት ብሏል። የጋለ ድንጋይ ላይ ውሃ በጭልፋ እየቸለስን በእንፋሎቱ የምናልብበት ሳውናዬ በፊንላንድ ምድር ወደር የለውም፤ ጎረቤቴ ለስላሳ ጢም ይዞ ገብቶ፣ ከሙቀቱ የተነሳ የተጠቀለለ ጢም ይዞ ወጥቷል። እሷ ግን «አስብበታለሁ» ከማለት አላለፈችም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ደስ የሚላት አትክልት ብቻ ነው። ስለዚህ የመኪናዬ ጥሩንባ ድምፅ በረዶ ሆኖ አስፋልት ላይ በወደቀበት አንድ እሑድ ወደ ከተማችን የዕፅዋት ማዕከል ወሰድኳት።

የሞቃት አገር ዕፅዋት ያሉበት የመስታወት ቤት ስንገባ መነጽሯን ጉም ሸፈነው። ካፖርታችንን አወለቅን። የሙዙ አንድ ቅጠል በአገሩ ቤተ ክርስቲያን እንደሚከድን ነገርኳት። ፍሬው ግንዱ ላይ እንደ ጡጫ የተለጠፈውን ካካዎ ደግሞ፣ መርከበኛ ሳለሁ አያቱን በእጄ ተክያለሁ አልኳት። ቫኒላ ነው ያልኳት ሐረግ ጋ ስንደርስ ጎንበስ ብላ ጽሑፉን አነበበች።

«ቁንዶ በርበሬ ይላል።»

«ሲያረጅ ይለወጣል» አልኳት።

ካፖርቷን መልበስ ጀመረች። ሁለተኛውን እጅጌ ካጠለቀች ገናዬ እንዳከተመለት ገባኝ።

ከሙዙ ሥር፣ እሳት የመሰለ የማሞቂያ ቧንቧ አጠገብ፣ አትክልተኛው የተወው ባልዲ ነበር፤ ውስጡ የእንጨት ጭልፋ። ሙቅ ክፍል ውስጥ ባልዲና ጭልፋ ያየ የአገሬ ሰው፣ እጁ ሐሳቡን አይጠብቅም። አንድ ጭልፋ ሙሉ ቧንቧው ላይ ቸለስኩት። ቺስስ አለ። እንፋሎቱ ኦርኪዶቹን ዋጣቸው፤ ዘንባባው ዓይኔ እያየ አንድ ክንድ አደገ።

አትክልተኛው በሩን ከፍቶ ገባ። ይጮህብኛል ስል፣ ውሃው ለኦርኪዶቹ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ መሆኑን ረጋ ብሎ ነገረኝና ሙቀቱ እንዳይወጣ በሩን መልሶ ዘጋው።

ኤይላ አንድ እጅጌ ብቻ እንደለበሰች ቆማለች።

«ታይስቶ፣ አላስፈቀድክም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ቁንዶ በርበሬን ቫኒላ ማለት ይታለፋል። ሳውና ውስጥ አብሮት የተቀመጠውን ሳይጠይቅ ውሃ የሚጨምር ግን እኛ ዘንድ ከሰው አይቆጠርም፤ ፕሬዚዳንትም ቢሆን ይጠይቃል። ሰበብ ፈለግሁ። ከተወለድኩ ጀምሮ ጎድሎኝ የማያውቅ ነገር፣ የዚያን ቀን ጠፋ።

«ልጨምር?» አልኳት።

ወደ አትክልተኛው ዞረች። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ትንሽ» አለችና ካፖርቷን አውልቃ የመደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ለገና ግን ጭልፋውን የምይዘው እኔ ነኝ።»