የማይጮኸው ጣሪያ

ድመት የሚለውን ስም ያወጡለት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። አናጢ ነው፤ ዋና ሙያው ጣሪያ ማልበስ። ቆርቆሮ ላይ ሲራመድ ከታች የተቀመጠ ሰው ኮቴውን አይሰማም፤ ሠላሳ ዓመት ከጣሪያ ጣሪያ ሲዞር አንድ ቀን ወድቆ አያውቅም። በዚያ ጠዋት ግን ገና መሬት ላይ እያለ፣ የእትዬ ሒሳብን የግቢ በር እንኳ ሳያንኳኳ፣ የሚወድቅ መሰለው። ቀና ሲል የጣሪያው አናት መሐሉ ላይ ሰርጎድ ብሏል። ክር እንደተወጠረበት ቀጥ ማለት የነበረበት መስመር ነው። ሌላ ሰው ቢያየው ምንም አይለውም፤ እሱ ግን አየው።

ሦስት ጊዜ ልከውበታል። ሁለት ጊዜ ሥራ በዝቶብኛል ብሎ አሳበበ፤ በሦስተኛው ሚስቱ ናት ከቤት ያስወጣችው። እትዬ ሒሳብ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ የሰፈሩ ግማሽ ማካፈልን የተማረው ከእሳቸው ነው፣ የድመትን ልጅ ጨምሮ። ሚስቱም ልጃችንን ሰው ያደረጉ ሴትዮ ጠርተውህ እንዴት እግርህን ትጎትታለህ ብላ ወረደችበት። እሱ ምን ይበላት? ቁርሱን ሳይጨርስ ሜትሩን ኪሱ ከቶ ወጣ።

እትዬ ሒሳብ ሳሎን ውስጥ ባለ ካሬ ደብተራቸውን ከፍተው ጠበቁት። የመኝታ ቤታቸው ግድግዳ አናት ላይ እርጥበት ወጥቷል፤ ዝናቡ ሳይገባ ጣሪያውን ሊያስቀይሩ ቆርጠዋል። እሱ ሲቀርባቸው ሁለት ሰው አስጠርተው ዋጋ ተቀብለዋል። አንዱ ኮንትራክተር ነው፤ መኪናውን አስፋልት ላይ አቁሞ መጥቶ፣ ከበሩ ላይ ስልኩን ወደ ጣሪያው ደግኖ ፎቶ አንስቶ ሄደ። ሌላው አናጢ ደግሞ የጎረቤት አጥር ላይ ተንጠልጥሎ በዓይኑ ለካ። የሁለቱ ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀና እትዬ ሒሳብን እንቅልፍ ነሳቸው። ለእሳቸው መልሱ ሁለት የሆነ ጥያቄ ማለት አንድ ሰው ተሳስቷል ማለት ነው። እናም ድመት ዋጋውን ከመናገሩ በፊት የጣሪያ ዋጋ ከምን ከምን እንደሚመጣ እንዲያስረዳቸው ጠየቁት።

ስለ ጣሪያ ተናገር የተባለ ድመት ደግሞ አፉ አይያዝም። የጣሪያ ስፋት የወለሉ ስፋት አይደለም አላቸው፤ ቁልቁለቱ በበዛ ቁጥር ቆርቆሮው ይበዛል፣ ሠራተኛውም ተንጠልጥሎ ስለሚሠራ ቀኑ ይረዝማል። የቆርቆሮው ውፍረት አለ፤ ስሱ ይረክሳል፣ ግን የልጆች ድንጋይ ይበሳዋል። መታጠፊያ የበዛበት ጣሪያ መገጣጠሚያው ይበዛል፣ ውሃ ደግሞ መገጣጠሚያ ይወዳል። የእሳቸው ቅያስ ጠባብ ስለሆነ መኪና አያስገባም፤ ዕቃው ሁሉ ከአስፋልቱ ጀምሮ በሰው ትከሻ ነው የሚመጣው፣ ትከሻም ዋጋ አለው። ዝናብ ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው ደግሞ ሰዉ ሁሉ ጣሪያውን ያስታውሳል፤ ያኔ እንጨት ሻጩም አናጢውም ይኮራል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የማይታየው ነው። ክዳኑ ካልተነሳ ከሥሩ ያለው እንጨት ደህና ይሁን የበሰበሰ ማንም አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ አሮጌውን ማንሳት ያስፈልጋል ብሎ እዚህ ላይ ሲደርስ ወሬውን አቋረጠ። ውሃ ለመናቸው።

ውሃውን ጠጥቶ መሰላል ጠየቀና በኮሪደሩ በኩል ባለችው የኮርኒስ ቀዳዳ ወጣ። ባትሪውን ሲያበራ ያየው ሊያየው የፈራውን ነው። ከላይ፣ ከውጭ ሲታይ የእሱ ቆርቆሮ ነው፤ ከውስጥ ግን ከእሱ በፊት የነበረው አሮጌ ቆርቆሮ ዝጎ፣ ወንፊት ሆኖ ተጋድሟል። አላነሳውም ነበር።

ነገሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ያን ጊዜ የእትዬ ሒሳብ ባለቤት በሕይወት ነበሩ፤ ፖስታ ቤት ይሠሩ የነበሩ፣ ሰው አማኝ፣ ጨዋታ ወዳድ ሰው። አሮጌውን ለማንሳት ለብቻው፣ አዲሱን ለማልበስ ለብቻው ተስማምተው ከፈሉት። ደመና ከብዷል፤ ሌላ ሦስት ቤት ይጠብቀዋል። የማንሳቱ ሥራ ሁለት ቀን ይፈጃል። ድመትም ሰውዬው ሥራ እስኪሄዱ ጠብቆ አዲሱን በአሮጌው ላይ ደርቦ ምስማሩን መታበት። ማን ያየዋል? ጭራሽ ሁለት ቆርቆሮ ከአንድ ይጠነክራል ብሎ ራሱን አታለለ፤ ሰው ራሱን ለማታለል ብዙ አይደክምም።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ግን ጉድ ፈላ። በሰፈሩ ቤት ሁሉ ቆርቆሮው ሲደበደብ ሰው ከሰው አይደማመጥም፤ የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ቤት ግን ቆርቆሮው ተደርቦ ታፍኗልና በሹክሹክታ ማውራት ይቻላል። ሰውዬው ደስታቸው ወሰን አጣ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎረቤት እየጠሩ ስሙ፣ የኔ ቤት አይጮኽም፣ ይህ ልጅ እጁ የተባረከ ነው ይሉ ጀመር። የድመት ዝና የወጣው በዚያ ነው። ዝናብ ሲቃረብ ብቻ ሥራ ያገኝ የነበረ አናጢ ከዚያ ወዲህ ቀን አልበቃው አለ፤ እንደ ፖስታ ቤቱ ሰውዬ ጣሪያ አድርግልን እያሉ በሩ ድረስ የመጡም ነበሩ።

አሁን በሁለቱ ቆርቆሮ መሐል የተኛው ጤዛ መውጫ አጥቶ እንጨቱ ውስጥ ገብቷል። ማገሩን በጣቱ ሲጫነው እንደ ሳሙና ሰረጎደ። መኝታ ቤቱ ላይ ያለው ወራጅ እንጨት ደግሞ ከመሐሉ ተሰንጥቆ፣ የሁለት ጣሪያ ክብደት ተሸክሞ፣ ጎብጧል። ከሥሩ፣ በኮርኒሱ ሥር፣ እትዬ ሒሳብ አልጋቸውን ሲያነጥፉና ለብቻቸው ሲያንጎራጉሩ ይሰማዋል።

ሲወርድ አንድ ሐሳብ ይዞ ነው። እጁን እስኪታጠብ ድረስ ጨረሰው፤ ዋጋ አውርዶ ይነግራቸዋል፣ ሥራውን ይወስዳል፣ ሁለቱንም ቆርቆሮ አንስቶ የበሰበሰውን እንጨት በራሱ ኪስ ይተካል፣ ማንም ሳያውቅ ነገሩ ያልቃል። ለክፉ ቀን ያስቀመጣት ትሄዳለች፤ ትሂድ። ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ቀለል አለውና ዋጋውን ነገራቸው። ከሁለቱ ሰዎች ከርካሹ ዋጋ እንኳ ግማሽ አይሞላም።

እትዬ ሒሳብ ጻፉት። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ዋጋውን አዩት፣ እሱንም አዩት። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ስሞ ይመርቀው ነበር። እሳቸው ግን ተማሪ የኮረጀ ሲመስላቸው እንደሚያደርጉት መልሱን ትተው ወደ አሠራሩ ተመለሱ። ከዚያ አንድ በአንድ ያነሱበት ጀመር። ቆርቆሮው ስስ ነው? ድመት አይደለም አለ። ቁልቁለቱ ቀነሰ? አልቀነሰም። መንገዱ ሰፍቶ መኪና ገባ? አልገባም። ዝናቡ ራቀ? አልራቀም። እሱ ራሱ ያስተማራቸውን እያንዳንዱን ነገር መልሰው ጠየቁት፤ እሱም እንደ ልጅ እየተቁነጠነጠ ወንበሩ ላይ አልቀመጥ ብሎት ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ።

«እንግዲህ የቀረው አንድ ነው» አሉት። «አዘንክልኝ። ባሏ የሞተባት አሮጊት ብለህ።»

«ኧረ እትዬ፣ እንደሱ አይደለም።»

«ከሆነም እኔ ምጽዋት አልፈልግም። ለኮንትራክተሩ እሰጠዋለሁ። እሱ እንኳ ለምን እንደቀነሰ ነግሮኛል፤ አሮጌውን ማንሳት ትርፍ ወጪ ነው፣ ከላይ እንደርብበታለን ብሎኛል። ለነገ ቀጥሬዋለሁ።»

ድመት ጆሮውን አላመነም። ሦስተኛ ቆርቆሮ። በዚያ በተሰነጠቀ ወራጅ ላይ፣ በዚያ አልጋ አናት ላይ። ዝም ቢል ስሙ አይነካም፤ አንድ ቀን ቢወርድም ኮንትራክተሩ ነው የሚጠየቀው። ይህ ሐሳብ ብልጭ ማለቱ ራሱ አሳፈረው።

«እትዬ፣ ከላይ አይደረብም።»

«ለምን?»

«ተደርቧል።»

እስክሪብቶአቸውን ደብተሩ ላይ አጋደሙት። ድመት ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻለም፤ ደመናውን፣ ሦስቱን ቤት፣ የሁለት ቀን የማንሻ ዋጋ ተቀብሎ በአንድ ቀን መጨረሱን፣ ጣሪያው የማይጮኸው በእጁ በረከት ሳይሆን በሌብነቱ መሆኑን፣ የተሰነጠቀውን እንጨት፣ ሁሉን ዘረገፈው። አንድም ነገር ለራሱ አላስቀረም። ሲጨርስ ቆሞ ነበር፤ መቼ እንደተነሳ አያውቅም።

እትዬ ሒሳብ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለው ነበር። ባለቤታቸው በመጨረሻው ሕመማቸው እዚያው አልጋ ላይ ተኝተው ሳለ ዝናብ ሲመጣ እጃቸውን ይይዙና፣ ስሚው፣ አይሰማም ይሏቸው እንደነበር ነገሩት። ከመሞታቸው በፊት ጣሪያው ሲያረጅ ከድመት ሌላ ሰው እንዳታስነኪ ብለው አደራ ብለዋቸዋል። ድመት እንባው መጣ፤ ለማልቀስ ግን ምን መብት አለኝ ብሎ ዋጠው።

«ማንሻውን ከፍሎህ ነበር አልክ።»

«ከፍለውኛል።»

«እንግዲያው ለማንሳት ሰባራ ሳንቲም አልጨምርልህም። ያልጨረስከውን የእሱን ሥራ ነው የምትጨርሰው። ለቆርቆሮውና ለእንጨቱ፣ ለድካምህም፣ እንደማንም ሰው እከፍላለሁ። ትክክለኛውን ዋጋ ንገረኝ።»

ነገራቸው። ጻፉት፤ አሁን መልሱ ልክ እንደሆነ በሚመስል ሁኔታ አንገታቸውን ነቀነቁ። ድመት ከትከሻው ላይ አንድ ነገር የወረደለት መሰለውና ሜትሩን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ።

«ስንት ቤት ነው?» አሉት።

እጁ እዚያው ቀረ። ጥያቄውን እንዴት እንዳላሰበው ሊገባው አልቻለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያሰበው ስለዚህ አንድ ጣሪያ ብቻ ነበር፤ የቀሩትን ልቡ ሸሽጎበት ኖሯል። እንደ ፖስታ ቤቱ ሰውዬ አድርግልን ያሉትን እንዴት እምቢ ይበል? ሌላ መንገድ አያውቅም ነበር። ደረበላቸው። እነሱም መርቀውታል።

«ከርስዎ ሌላ አራት» አለ።

ከደብተራቸው አንድ ገጽ ቀደው ከእስክሪብቶው ጋር ሰጡት። ድመት ጻፈ፤ ልብስ ሰፊው፣ ዳቦ ቤቱ፣ ጥርስ ሐኪሟ፣ ወፍጮ ቤት ጀርባ ያሉት እህትማማቾች። ሰው ዝርዝር ሲጽፍ ያርፋል፤ እሱ ግን በእያንዳንዱ ስም አንድ አልጋ፣ አንድ ሁለት ልጅ ታየው። ወረቀቱን አጥፎ ነገ ጠዋት ዞሬ እነግራቸዋለሁ አላቸው።

«ዛሬ» አሉ እትዬ ሒሳብ። «እኔ ዛሬ ሳሎን እተኛለሁ፣ ነግረኸኛል። እነሱን ግን ማንም አልነገራቸውም።»

አልጋውን እሱ በአንዱ፣ እሳቸው በሌላው ጫፍ ይዘው ወደ ሳሎን አወጡ። አግዙኝ አላላቸውም፣ እሳቸውም ተው ቢላቸው የሚሰሙት አይመስልም። በሩን ሲከፍቱለት አላመሰገኑትም፣ አልገሠጹትምም፤ ከነገ ወዲያ በጠዋት እጠብቅሃለሁ ብቻ አሉት።

የልብስ ሰፊው ቤት ሁለት መታጠፊያ አልፎ ነው። ድመት መጀመሪያ አልፎት ሄደ። እስከ አስፋልቱ ደረሰና ሲጋራ ገዛ፤ ማጨስ ከተወ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሳይለኩስ ጣለው። ተመለሰ። ቀና ብሎ የልብስ ሰፊውን ጣሪያ አየ፤ ከታች ሲታይ ደህና ነው፣ ቀጥ ያለ ነው። ቢነግራቸው ከእንግዲህ የማን ቤት ድርሽ ይላል? ከነገ ጀምሮ ማን ያሠራዋል? ሚስቱስ ምን ትለዋለች? እግሩ እንደገና ወደ አስፋልቱ ሊዞር ሲል ከግቢው ውስጥ የሕፃናት ሳቅ ሰማ። የልብስ ሰፊው የልጅ ልጆች መጥተዋል። በሩን አንኳኳ።

ልብስ ሰፊው መርፌ ሸሚዙ ላይ እንደሰካ ከፈተለት፤ ሲያየው ፊቱ በራ። ምን እግር ጣለህ አለው፣ እጁን ይዞ ወደ ውስጥ ሊጎትተው ሞከረ፣ ወደ ጓዳው ዞሮም ለሚስቱ የጣሪያችን ባለሙያ መጥቷል፣ ሻይ ጣዪ አላት። ድመት ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ። እንዲህ እንዲህ እላለሁ ብሎ መንገድ ለመንገድ ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«ልጆቹ የሚተኙት የትኛው ክፍል ነው?» አለው።