ሠላሳ ባዶ የሚሆንበት ሒሳብ

መምህር ኃይለየሱስ ፈረንሳይ አገር ሦስት ዓመት ተምሮ የተመለሰ ነው፤ ይህንንም አዳማ ጣቢያ ሻንጣውን የተሸከመለት ሰው ሳይቀር ሰምቷል። የመጣው እዚያው አዳማ በሚከፈተው አዲስ ትምህርት ቤት አስተማሪ ለሚሆኑ ስድስት ሰዎች ረቂቅ ሒሳብ ሊያስተምር ነበር። ስድስቱ ፈተናውን ካለፉ የትምህርት ቤቱ የበላይነት ሹመት የእሱ ነው ተብሏል። እሱም ወንበሩ ላይ በሐሳቡ ከተቀመጠ ሰንብቷል።

«ሠላሳ ሲሞላ ባዶ የሚሆንበት የቁጥር ዓለም አለ» አለ አንድ ሰኞ፣ ጠመኔውን ከፍ አድርጎ። በዚያ ዓለም ሃያና አሥራ አምስት ሲደመሩ አምስት ናቸው፤ ቁጥር ሁሉ ወደ ባዶ የሚመልሰው ጓደኛ አለው፤ የአሥራ አንድ ጓደኛ አሥራ ዘጠኝ ነው። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሁሉ ጠመኔውን ብቻ ተመለከቱ። ከስድስቱ አንዱ፣ ከወለንጪቲ በበቅሎ የሚመጡት ሽማግሌ መሪጌታ ሰብስቤ ነጠላቸውን አስተካክለው በትሕትና አንገታቸውን ደፉ።

ሳምንት ሙሉ ደጋገመው፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነበት። ተናዶ ወደ አዲስ አበባ ጻፈ፦ እነዚህ አይገባቸውም፣ በእነሱ ቦታ የሚያውቅ ሰው ይፈለግ።

የትምህርት ቤቶች መርማሪው አቶ መርዳሳ ደብዳቤውን ኪሳቸው ይዘው በባቡር መጡ። ኃይለየሱስም እውነቱን ሊያሳያቸው አስቀድሞ ሽማግሌውን አስነሣ። በሠላሳው ዓለም አሥራ ሦስት በአሥራ አንድ ሲባዛ ስንት ነው?

«ሃያ ሦስት» አሉ መሪጌታ፣ ጣት እንኳ ሳያጥፉ።

በአሥራ ዘጠኝስ?

«ሰባት። ድምራቸው ያው ሠላሳ ነው። አሥራ አንድና አሥራ ዘጠኝ ሠላሳ ስለሆኑ፣ በየትኛውም ቁጥር ቢባዙ ድምራቸው ከሠላሳ ቤት አይወጣም።»

አቶ መርዳሳ ከየት ተማሩት ብለው ጠየቁ። ባሕረ ሐሳብ ነው አሉ መሪጌታ፤ ፋሲካና ጾም በየዓመቱ የሚወጣው ሠላሳ ሠላሳውን እየገደፉ ነው፤ እሳቸው በአሥራ ሁለት ዓመታቸው የጨረሱት ነው።

ኃይለየሱስ አፈረ፤ ከማፈሩ ይልቅ ግን ከፋው።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«መምህር ሲያስተምር ጣልቃ አይገባም» አሉ መሪጌታ። «ደግሞ በጣም ደስ ብሎዎት ነበር።»

አቶ መርዳሳ ደብዳቤውን አጠፉት። «የሚያውቅ ሰው ይፈለግ ብለው ጽፈዋል። ተገኝቷል» አሉና ሹመቱን ለመሪጌታ ሰጡ።

በማግስቱ መሪጌታ የዘመን ቆጠራውን ከሥሩ ማስተማር ጀመሩ። ኃይለየሱስ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሰማ። ግዕዙ በዝቶበት እኩሌታው አልገባውም፤ መጠየቅ ግን ሞት ሆነበት። በትሕትና አንገቱን ደፋ። መሪጌታም አዩትና፣ ይሄስ ድሮ የሚያውቀው ነው ብለው አለፉት።