ከደረጃው ሥር የቆመው ብስክሌት

«ቁልፉ ጠፍቷል» አለች ነርሷ። ቁልፉ ግን የጥቁር ሹራቧ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ይህን ስትናገር እንኳ በአውራ ጣቷ እየዳበሰችው ነው።

አክስቷ አላመነቻትም፤ ግን አልተከራከረችም። የነርሷ አባት ልቅሶ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው ኮሪደሩ ውስጥ ቆሟል። አራት ወንበር ሊያስቀምጥ የሚችለውን ከደረጃው ሥር ያለውን ጥግ ደግሞ አንድ አሮጌ የብረት ብስክሌት ይዞታል፤ ከደረጃው መደገፊያ ጋር በወፍራም ሰንሰለት ተቆልፎ። የሚገባውን በመሪው ክርኑን ይወጋዋል፣ የሚወጣውን በፔዳሉ ቅልጥሙን ይለዋል። አንዱ ጎረቤት ቅልጥሙን እያሸ «ሰውዬው ሞተውም መንገድ አለቅም አሉ» ብሎ ቀለደ፤ ሰዎች ፈገግ ሲሉ ግን ራሱ ደንግጦ አቀረቀረ።

«እንግዲያው የሚቆርጥልን ሰው እንፈልግ» አለች አክስት። «ካቻቢቴ በር ላይ ተቀምጦ የለ? ልንገረው?»

«አይሆንም» አለች ነርሷ። ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ። «ተዪው አክስቴ፣ አራት ቀን ነው የቀረው። እንደምንም እንተላለፋለን።»

ካቻቢቴ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው ከተገኘ እናቱ ብቻ ነበረች፤ እሷም ካለፈች ቆይቷል። ከሟቹ ጋር የአርባ ዓመት ጓደኛሞች ነበሩ። ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ በየቀኑ ይመጣል፣ በሩ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ይቀመጣል፣ የሰጡትን ቡና እስኪቀዘቅዝ ይይዘዋል፣ ሰው ሲያልቅ ይሄዳል። «ወደ ውስጥ ይግቡ እንጂ» ሲሉት «እዚሁ ይሻለኛል» ይላል። ነርሷ በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል። እሷም ትጥላለች። የቁልፉን ነገር ቢያውቅ ነው ብላ ነበር የምታስበው። አባዬ ነግሯቸዋል፣ እኔን ማየት አስጠልቷቸዋል ብላ።

አባቷ መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ከተማው ማዶ ነው፤ ጠዋት ዳገት ስለሆነ አርባ ደቂቃ፣ ማታ ቁልቁለት ስለሆነ ሃያ አምስት። ጡረታ እስኪወጣ ሠላሳ አራት ዓመት በዚያች ብረት ተመላልሷል። ዝናብ ሲሆን የሹራብ ኮፍያው ላይ ፌስታል ይደርባል፤ በጋ ሲሆን ኮሌታውን ይከፍታል፤ ሌላ ለውጥ የለውም። አውቶቡስ የሚጠብቁት የሥራ ባልደረቦቹ «ዛሬም በእግዜር ጉልበት?» ይሉታል፤ እሱ «በራሴ ነው፣ እሱን አላስቸግረውም» ብሎ ያልፋል።

እሷ ከአምስት ዓመቷ እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ትምህርት ቤት የሄደችው ከመሪውና ከኮርቻው መሀል ባለው አግዳሚ ብረት ላይ ተቀምጣ ነው። ብረቱ እንዳይቆረቁራት የመጽሐፍ ልባስ ጨርቅ አራት እጥፍ አድርጎ አስሮላታል። አገጩ ከአናቷ በላይ ነው፤ ሲያወራ ድምፁ ከጭንቅላቷ ውስጥ የሚመጣ ይመስላታል። እጁ ሙጫ ሙጫ ይሸታል። ዳገቱ ሲጀምር «በይ እስትንፋስ አዋጪ» ይላታል። እሷ ወደፊት ጎንበስ ብላ እፍ፣ እፍ ትላለች። ብስክሌቱ ዳገት የሚወጣው በእሷ እፍታ እንደሆነ እስከ ሁለተኛ ክፍል ድረስ አምና ኖራለች፤ አንድ ቀን ጉንፋን ይዟት መንፋት ባቃታት ጊዜ እናረፍዳለን ብላ አልቅሳለች። ያን የአባቷን ድምፅ አሁን ሰው በሞላው ሳሎን መሀል ተቀምጣ ፈለገችው። የሰማችው የስኒ ድምፅና የአክስቷን ሹክሹክታ ነው። አክስቷ ከጎኗ ላለችው ሴትዮ «እንደሷ አባቷን የያዘ ልጅ አላየሁም፣ እንደ እንቁላል ነው የያዘችው» ትላለች። ነርሷ ተነሥታ ወደ ማድቤት ሄደች።

ከስምንት ወር በፊት ነው። ዝናብ ባረጠበው መንገድ ላይ አባቷ ሲታጠፍ አዳለጠው። የተጎዳው ክርኑ ነው፣ እሱም ቆዳው ብቻ። ሌላ ልጅ ብትሆን አዮዲን ቀብታ ትስቅበት ነበር። እሷ ግን የአጥንት ክፍል ነርስ ናት። በዚያው ሳምንት ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ የወደቁ አንድ ሽማግሌ ዳሌያቸው ተሰብሮ ገብተው ነበር፤ ዳግም በእግራቸው ሳይቆሙ በሃያኛው ቀን አረፉ። በአንሶላ የሸፈነቻቸው እሷ ናት። ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ሱቅ ገብታ ሰንሰለት ገዛች።

«አባዬ፣ ከእንግዲህ ይብቃህ» አለችው እየቆለፈች።

«ክርኔ ነው እኮ የተላጠው።»

«የሚቀጥለው ዳሌህ ይሆናል። እኔ እንዴት እንደሚያልቅ አውቀዋለሁ። በየቀኑ ነው የማየው።»

አባቷ ሰንሰለቱን አየ፣ እሷን አየ። «ቁልፉን የት ታስቀምጪዋለሽ?»

«እኔው ጋ።»

«ደህና ቦታ ነው» አለና ገብቶ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልጠየቃትም። ቢቆጣ፣ ቢጮህባት፣ «አንቺን የወለድኩሽ እኔ ነኝ» ቢላት ቁልፉን ትሰጠው ነበር። አልተቆጣም። አንድ ቅዳሜ ከሌሊት ተረኝነት ቀደም ብላ ስትመለስ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ አገኘችው፤ ሰንሰለት እንዳይዘው እንደ ድሮው የቀኝ ሱሪውን እግር ካልሲው ውስጥ ከትቷል። ስትገባ ሲሰማት ጎንበስ ብሎ ሱሪውን አወጣው። ያላየች መስላ ሻይ ልትጥድ ሄደች። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው ሆነ፤ እሷም ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ጠዋት ስትገባ በሩ ላይ የቤቱን ቁልፍ ጮክ አድርጋ ማንቃጨል ለመደች። ልቡ ቀጥ ያለችው በዚያው ወንበር ላይ ነው፣ ማክሰኞ ከሰዓት። መንዳቱን ባያቆም ኖሮ በሕይወት ይኖር ነበር ወይ የሚለውን ጥያቄ ሐኪም አልጠየቀችም። ሐኪም መልስ እንደሌለው ታውቃለች።

በአራተኛው ቀን መምህሩ ማድቤት ድረስ መጣ። ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቷና ከካቻቢቴ ጋር እስከ ግድቡ የሚነዳ ሦስተኛው ሰው። ሦስቱም የሚነዱት ከእነሱ እኩል ያረጀ ብረት ነው፤ ሰፈሩም «ብረቶቹ» ይላቸዋል። በቀላል አዲስ ብስክሌት ሽው ብሎ የሚያልፋቸውን ሁሉ «ቆርቆሮ» ይሉታል፤ ካለፋቸው በኋላ፣ እንዳይሰማ አድርገው።

«ካቻቢቴ ራሱን እየበላ ነው» አላት መምህሩ፣ ያጠበችውን ስኒ እያደራረቀ። «አንቺ ብታናግሪው ብዬ ነው።»

«እኔ? ምን ብዬ?»

«የእኛን ሕግ ታውቂያለሽ? ፊት የሚሄደው ቀርፋፋው ነው። ጎበዝ ፊት ከሄደ ሌላው ይንጠባጠባል፤ ቀርፋፋ ከመራ ግን ማንም አይቀርም። መሪ የሆነ ሰው በቃ ይቀለድበታል። እና የመጨረሻዋ ቅዳሜ ላይ ካቻቢቴ አባትሽን ‹ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ መሪያችን አንተ ነህ› አለው። እኛ ሳቅን፣ እሱም ሳቀ። በሳምንቱ ቀረ። በዚያው ቀረ።»

ነርሷ ውኃውን ዘጋችው። «አባዬ ለምን ቀረሁ አላችሁ?»

«ጉልበቴ ደከመ አለን። ካቻቢቴ ግን በጀ አላለም። ጉልበቱ የደከመ ሰው በቀን ሁለቴ ገበያ ድረስ በእግሩ አይመላለስም ይላል። አዋርጄው ነው የተወው፣ አኩርፎኝ ነው የሞተው ብሎ ደምድሟል። ስምንት ወሩን ሙሉ በዚህ ነው የከረመው፤ አሁን ደግሞ ይቅርታ የሚለው ሰው የለም።»

መምህሩ ስኒዎቹን በመጠን ደርድሮ ወጣ። ነርሷ ማጠቢያውን ይዛ ቆመች። አባቷ አልነገራቸውም። ለእሷ ብሎ ጥፋቱን ጉልበቱ ላይ ጥሎታል፤ ጉልበቱ ላይ የጣለው ግን ተንሸራቶ ካቻቢቴ ላይ ወደቀ፤ አባቷ ይህን ሳያውቅ ሄደ። አሁን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ብትናገር በዚህ ቤት ያለው ሁሉ የአባቷን የመጨረሻ ስምንት ወር ማን እንደወሰደበት ያውቃል፤ እንደ እንቁላል የያዘችው የምትለው አክስቷም ጭምር። ባትናገር ያ ሽማግሌ ዱካዋ ላይ እንዳቀረቀረ ይቀራል።

በአምስተኛው ቀን ቡና ይዛ ሄደች። አንደበቷን እስክትፈታ ፊቱ ቆመች።

«ስኳር ይጨመር?» አለችው።

«አልጠጣም፣ ልጄ።»

ይኸው ነው የቻለችው። ምሽቱን ሙሉ በራሷ ተናደደች። በሥራዋ ለስንት ሰው ስንት ክፉ ወሬ የነገረች ሴት ስኳር ጠይቃ ተመለሰች።

በስድስተኛው ቀን ሰው ሳሳ። አክስት የተዋሱትን ወንበሮች ለመመለስ እየቆጠረች ነው። ካቻቢቴ ባርኔጣውን አነሣና «እንግዲህ ነገ አልመጣም። እግዜር ያጽናሽ» አላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን እያየ። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ጋሼ፣ ቆዩኝ» አለች። «አባዬ በእርስዎ አልቀረም። ብስክሌቱን የቆለፍኩበት እኔ ነኝ።»

አክስት መቁጠሩን አቆመች።

«ያን ሳምንት ወድቆ ክርኑ ተላጠ። ፈራሁና ቆለፍኩበት። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ አልጠፋም። ጉልበቴ ያላችሁ እኔን ለመሸፈን ነው። ቀልዱን አንድም ቀን አንሥቶት አያውቅም።»

ካቻቢቴ ባርኔጣውን እያዞረ ጠርዙን ዳሰሰ። «አላኮረፈኝም?»

«አላኮረፈዎትም።»

«መሪ ሆኖም ይመጣ ነበር?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ከትቶ መስኮት ላይ ይቀመጥ ነበር።»

ሽማግሌው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አክስት ልትይዘው ተነሣች፤ ነርሷ በእጇ ከለከለቻት። ብዙ ቆይቶ ሲዞር እጁን ዘረጋላት። እሷ ሊጨብጣት መስሏት ነበር።

«ቁልፉን» አላት።

ጓጉንቸሩ መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ከዚያ ተከፈተ። ሰንሰለቱን ሲያነሡት ነው ያዩት። የብስክሌቱን ቀለም ይነካ በነበረበት በኩል ጥቁር ቀይ የመጽሐፍ ልባስ ጨርቅ ለብሷል፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፣ በሙጫ ተጣብቋል። ስምንት ወር በአጠገቡ እየተመላለሰች አላየችውም። አክስቷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ነርሷ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች።

ካቻቢቴ ጨርቁን በጣቱ ተከተለው። «እኔ ብሆን ሰንሰለቱን ቆርጬ ነበር የምሄደው» አለ። «እሱ ልብስ ሰፋለት።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ተናድጄብሻለሁ። አልዋሽሽም፣ በጣም ነው የተናደድኩብሽ። መፍራትሽን እረዳለሁ። አንድ ቃል ግን፣ ልጄ፣ አንድ ቃል ብትልኪልኝ።»

«አዎ» አለች። «ናፈቀኝ» አለች ቀጥላ፤ ለምን በዚያ ሰዓት እንዳለችው አታውቅም።

«እኔንም» አለ ካቻቢቴ።

ከቦርሳው መንፊያውን አወጣ። ጎማዎቹ መሬት ላይ ተኝተዋል፤ እየማለ፣ እየረገመ ነፋቸው። ብስክሌቱን ገለበጠና በኮርቻውና በመሪው አቆመው። የራሱ የብስክሌቱ ሰንሰለት ዝጎ ነበር፤ በዘይት ጣሳው አፍ ከጥርስ ጥርስ እየተከተለ አጠጣው። «ነይ፣ ፔዳሉን አዙሪልኝ። ቀስ ብለሽ።»

ነርሷ ተንበርክካ ፔዳሉን ያዘች። መሀሉ የአባቷ ጫማ በበላው ልክ ጎድጉዷል። ስታዞረው መጀመሪያ አንቋረረ፣ ከዚያ ለሰለሰ፣ የኋላው ጎማ መዞር ጀመረና ኮሪደሩን በዚያ በቀጭኑ ድምፅ ሞላው፤ ማታ ማታ አባቷ በር ላይ ሲደርስ ይሰማ የነበረው ድምፅ ነው። አክስት ወንበር ይዛ ቆማ ቀረች።

«በቃ፣ ደርሷል» አለ ካቻቢቴ።

አልሰማችውም፤ ወይም ሰምታዋለች። ማዞሯን ቀጠለች። እንባዋ እጇ ላይ፣ ከእጇ ፔዳሉ ላይ ይንጠባጠባል፣ ጎማው ይዞራል።

ካቻቢቴ አያት። ሰንሰለቱ ዘይት ጠግቧል፣ ትርፉ መሬት ላይ ሁሉ እየፈሰሰ ነው። የዘይት ጣሳውን እንደገና አነሣና ጎንበስ ብሎ አንድ ጠብታ ጨመረበት።