የሸሚዙ ቁልፍ

«እትዬ፣ መርፌ አለሽ?» አለ የሟች ታናሽ ወንድም፣ ከለቀስተኞቹ መሀል ወደ ወንድሙ ሚስት ጎንበስ ብሎ። «ይሄ አንገትጌ አነቀኝ። ቁልፉን ትንሽ ወደ ዳር አዛውሪልኝ።»

የሟች ሚስት ቀና ብላ አየችው። ቤቱ ውስጥ ፊቱ ያላበጠ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሲያለቅስ ነው የሰነበተው። የእሱ ግን በግራ በኩል ብቻ ነው ያበጠው።

«ጥርስህን ነው?»

«ኧረ ምንም አይደል። ይተወኛል።» ትኩስ ነገር እንደጎረሰ ሰው ቃሉ ተድበስብሶ ወጣ።

ባሏም እንዲሁ ብሏት ነበር። ልብስ ሰፊ ነበር። መንጋጋው ሲጠዘጥዘው ቅርንፉድ ነክሶ የስፌት መኪናውን ይረግጣል። አንገቱ አልዞር ሲለው «ብርድ ነው» ብሎ ሻርፕ ጠመጠመ። አንገትጌው ሲጠበው ደግሞ የሰፊ መላ መታ፤ ቁልፉን ነቅሎ ወደ ዳር ሰፋው። በማግስቱም እንደገና አዛወረው። «ወፈርኩ መሰለኝ፤ የአንቺ ሙያ ነው» አላት፣ አፉ ለሳቅ እንኳ አልከፈት እያለው። እሷም ሳቀች። ሆስፒታል ሲደርሱ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ነበር። ሐኪሙ ኋላ ላይ «ከጥርሱ የተነሳው መግል አንገቱ ውስጥ ገብቶ መተንፈሻውን ዘጋው» አላት።

አሁን እጇን ሰድዳ የታናሽየውን አገጭ ከስር ዳሰሰች። ይፋጃል፤ እንደ እንጨት ደርቋል።

«እስቲ ዋጥ።»

ዋጠ። ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ።

«ተነስ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ዛሬ? የወንድሜን ለቅሶ ጥዬ? ሰው ምን ይለኛል!»

አጠገባቸው የተቀመጡት አክስት ጣልቃ ገቡ። «ምነው ልጄ፣ ጥርስ ሰው ይገድላል እንዴ? እንግዳውንስ ማን ይቀበላል?»

«ገድሏል እኮ፣ እትዬ» አለች የሟች ሚስት። «እንግዳውን እናንተ ተቀበሉ። እኔ ሁለተኛ ለቅሶ አልቀመጥም።»

ተነስታ ወደ ስፌት መኪናው ሄደች። ከቀብሩ ወዲህ ማንም ያልነካውን መቀስ አነሳች። ታናሽየው ልታዛውርለት መስሎት፣ ልኩን እንደሚያስለካ ደንበኛ አገጩን ቀና አደረገ።

ክሩን ቆረጠችው። አንገትጌው ተከፈተ፤ ቁልፉ መዳፏ ላይ ወደቀ። ጨበጠችው።

ከዚያ በሩ ጋ ቁጢጥ ብላ፣ ከተደራረቡት ጫማዎች መሀል የእሱን መርጣ አወጣች። ጡጫዋን ሳትፈታ፣ በአንድ እጇ ብቻ፣ ጫማዎቹን አንድ በአንድ ወደ ውጭ አዞረቻቸው።