በመመሪያ የተወሰደ ባል

ፈንታነሽ ከእብናት ማዶ ተነሥታ ደብረ ታቦር የመጣችው ባሏን ለማስታመም እንጂ ባሏን ለመቀማት አልነበረም። ይሻው ባሕር ዛፍ ሲከረክም ወድቆ ታፋው ተሰበረ። ወጌሻ አሰረው፤ እግሩ አብጦ ሲጠቁር ጊዜ ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ አወጣው። እሷም ሳፋውን፣ ሳሙናውን፣ ጋቢውንና አጥሚቱን ይዛ ተከተለች። ማስታመም ማለት ለእሷ ከአልጋው ሥር ሰሌን አንጥፎ መተኛት፣ ማጉረስ፣ ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ የሕመሙን ነገር ከሥሩ ጀምሮ ማውራት ነው። እናቷንም አማቷንም እንደዚያ አስታማ ቀብራለች፤ አገር ይመስክርላት።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የሆስፒታሉ ዘበኛ የበሽተኞቹ ክፍል በር ላይ መለሳት። አዲስ ሕግ ወጥቷል አላት። አዋጁን ፌዴራል አወጣው፣ መመሪያውን ክልሉ ጨመረበት፤ ከእንግዲህ የተኛን በሽተኛ የሚያጥበውም የሚያበላውም ነርስ ነው፣ አስታማሚ በመጠየቂያ ሰዓት ብቻ ገብቶ ይወጣል። ፈንታነሽ ሰውዬው የሚቀልድባት መሰላት። የሰው ባል የሚያጥብ መንግሥት ሰምታ አታውቅም። መቀለዱ እንዳልሆነ ስትረዳ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የምታጥበው ማን ናት? ሲስተር ሰላማዊት አሏት።

ሲስተር ሰላማዊት ቀጠን ያለች፣ ስትስቅ ጥርሷ የሚያምርባት ወጣት ናት። ክፋት የለባትም፤ ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። ክፉ ብትሆን ኖሮ ፈንታነሽ እርግማኗን አውርዳባት በወጣላት ነበር።

መጀመሪያ በገባችበት የመጠየቂያ ሰዓት ይሻው ጢሙን ተላጭቶ አገኘችው። ያን ጢም ለልጃቸው ሰርግ እንኳ ላጨው ብላ ለምናው አሻፈረኝ ያለ ሰው ነው። ቀጥሎም የካሮት ሾርባውን አንጠፍጥፎ ሲጠጣ አየች። ቤቱ ጎመን ሲቀርብለት ይህ የከብት ነው ብሎ ገበታውን ወዲያ የሚገፋው ይሻው፣ ካሮት! ስለ ላሟ መውለድ፣ ስለ ገብሱ ማሸት ስትነግረው እህ እያለ ቆየና “ሲስተር በስንት ሰዓት ነው የምትመለስ?” አላት። ፈንታነሽ ያመጣችውን አጥሚት እንደያዘች ወጣች።

በግቢው ውስጥ ከአጥሩ ሥር አስታማሚዎች ተኮልኩለው ይውላሉ። እዚያ ጌጤ አለች፤ የአንበሳሜ ሴት ናት፣ ልጇ ከይሻው ጋር አንድ ክፍል ተኝቷል። ጌጤ ነገር ካላገኘች ራሷን የሚያማት ዓይነት ናት። ፈንታነሽ ስለ ጢሙና ስለ ካሮቱ ስታጫውታት ሰማችና “እትዬ ፈንታነሽ፣ ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር” አለቻት። ሌላ አልጨመረችም። መጨመርም አላስፈለጋት።

ከዚያ በኋላ ፈንታነሽ ስለ ተሰበረው ታፋ ማሰብ ተወች። ጠዋት ጠዋት የመተጣጠቢያው ሰዓት ሲደርስ በክፍሉ ኋላ ዞራ በመስኮቱ ታጮልቃለች። የምታየው አረንጓዴ መጋረጃና ከመጋረጃው ሥር የልጅቱን ነጭ ጫማ ብቻ ነው። የውኃው ድምፅ ይሰማታል፣ ልጅቱ ቀስ ብላ የምትናገረው ነገር አለ፣ እሱም ቀስ ብሎ ይመልሳል። ይሻው ቀስ ብሎ መናገር ከመቼ ወዲህ ነው የቻለ? ሠላሳ ዓመት ከጓሮ እንደሚጣራ ሰው ሲያንባርቅባት የኖረ ባል! ቀናች። በዚህ ዕድሜዋ፣ የልጅ ልጅ አይታ፣ ልጇ በምትሆን ሴት ቀናች፤ ማፈሯ ደግሞ ቅናቱን አባሰባት እንጂ አላበረደላትም።

ልጅቱ ከክፍል ክፍል ስትሄድ ወገቧን ትይዛለች። ያ ሁሉ በሽተኛ በእሷና በሌላ አንዲት ነርስ እጅ ነው፤ ቀድሞ አስታማሚው ያነሣው የነበረውን ገላ ሁሉ ዛሬ የሚያነሡት እነሱ ናቸው። አጥር ሥር ያለው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ፈንታነሽ ግን ልጅቱ ወገቧን የምትይዘው ለመቅበጥ ነው ብላ ደመደመች።

አንድ ማለዳ ከጤና መምሪያ አቶ ደምሴ የሚባሉ ሰው መጡ። መመሪያው እንዴት እየሠራ እንደሆነ ከነርሶቹም ከአስታማሚዎቹም ለመስማት ነው ተባለና ሁሉም ግቢው ውስጥ በተጣለው ድንኳን ተሰበሰበ። ነርሶቹ ሕጉ ሥራ ጨመረብን እንጂ ሰው አልጨመረልንም ብለው ተናገሩ። አቶ ደምሴ መዝግበው ሲያበቁ መመሪያውን አነበቡ፤ ሲያነቡም ፈንታነሽ ሰምታው የማታውቀው አንቀጽ መጣ። በሽተኛው ከፈቀደ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ገብቶ ሊያጥበውና ሊያበላው ይችላል። ነርሷ ይህን በሽተኛውን መጠየቅ ግዴታዋ ነው፤ ሳትጠይቅ ከቀረች እስከ ሙያ ፈቃዷ ድረስ ያስጠይቃታል።

ፈንታነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ማን እንዳስነሣት ብትጠየቅ ሕጉ ትላለች፤ ቅናቷ ነው።

“ጌታው፣ ባሌ አልተጠየቀም” አለች። “ቢጠየቅ ኖሮ እኔ አጥር ሥር አልውልም ነበር። ይቺ ልጅ ለራሷ ብላ ሕጉን ደብቃበታለች።”

ከዚያ ከኋላ አስታማሚው ማጉረምረም ጀመረ፤ የጌጤ ድምፅ ከሁሉ በላይ ይሰማል። አቶ ደምሴ ወደ ሰላማዊት ዞረው ጠይቀሽዋል ወይ አሏት። ጠይቄዋለሁ አለች። ምን አለሽ ሲሏት መሬት መሬት እያየች “በሽተኛ የነገረኝን በሰው ፊት አልናገርም” አለች። ጉርምርምታው ባሰ። መልስ ያጣ ሰው የሚሰጠው መልስ መሰላቸው። አቶ ደምሴ ከሻይ በኋላ በሽተኛውን ራሱን እንጠይቀዋለን፣ እንዳልተጠየቀ ከነገረን ጉዳዩ ወደ ፈቃድ ሰጪው ይሄዳል አሉ። ለፈንታነሽም እስከዚያ ገብታ ባሏን ልታይ ፈቀዱላት።

ሳፋዋን በጎኗ ይዛ ገባች። የሹመት በቅሎ ላይ የወጣች ሴት እንኳ እንደዚያ ኮርታ አትሄድም። መጋረጃውን ገለጠችና የተባለውን ሁሉ ለይሻው ነገረችው፤ ሰውዬው ሲመጣ አልተጠየቅሁም በል፣ ከዛሬ ጀምሮ የማጥብህ እኔ ነኝ አለችው።

ይሻው ዓይኑን ጣራው ላይ ተከለ።

“ተጠይቄያለሁ” አለ። “በመጣሁ ዕለት ጠይቃኛለች። ሚስቴ አትግባብኝ ያልሁ እኔ ነኝ።”

ፈንታነሽ ሳፋውን መሬት አስቀመጠችው። የምትጠራጠረው ነገር ሁሉ እውነት ሆኖ መጣባት። እሷ ምኗ በለጠኝ አለችው።

“ባገላበጡኝ ቁጥር አለቅሳለሁ” አለ ይሻው። “እንደ ሕፃን ነው የማለቅስ፣ ፈንታ። ሽንቴንም አልቆጣጠርም። እሷ የስንቱን ታያለች፤ ስወጣ ትረሳኛለች። አንቺ ግን አትረሽውም። ቤቴ ገብቼ በምን ዓይኔ ልይሽ?”

ይሻው ወንድሙን ሲቀብር እንኳ ዓይኑ ያልረጠበ ሰው ነው፤ ሰውም በዚህ ያደንቀው ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እሱም ወደ እሷ ሳይዞር፣ ግድ የለሽም አላት። ሰውዬው ሲመጣ አልተጠየቅሁም እላለሁ አለ፤ አንቺም በሰው ፊት አታፍሪ፣ እኔም ለምን እንቢ እንዳልሁ አልጠየቅ። ልጅቱስ ፈቃዷን ሲነጥቋት ብትለው፣ ወጣት ናት ሌላ ሥራ አታጣም ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

እውነቱን ለመናገር ፈንታነሽ ደስ አላት። ባሏ ከልጅቱና ከእሷ መርጦ እሷን ያዘ። ነጩ ጫማ ከዚህ ክፍል ሊወጣ ነው፣ መጋረጃው የእሷ ሊሆን ነው። ደስታው ግን ሆዷ ውስጥ ብዙ አልቆየም። ልጅቱ ድንኳኑ ውስጥ መሬት መሬት እያየች መቆሟ ትዝ አላት። ሚስቴን አልፈልግም ብሏል ብትል ኖሮ በአንድ ቃል ትድን ነበር። ያ ሁሉ ሰው ሲያጉረመርምባት የይሻውን ገመና ይዛ ዝም አለች፤ የፈንታነሽንም ውርደት አብራ ያዘች። የባልን ገመና መሸፈን የሚስት ሥራ ነው። ልጅቱ ጢሙንና ካሮቱን ወስዳ አልበቃ ብሏት ይህንንም ልትወስድባት ነው። ፈንታነሽ እንደ ገና ቀናች፤ ይህኛው ቅናት ከፊተኛው ሁሉ የከፋ ነበር።

በዚህስ አትበልጠኝም አለች በልቧ፣ ተነሣችም።

አቶ ደምሴ ነርሶቹንና ጥቂት አስታማሚዎችን አስከትለው ኮሪደሩ ላይ ደርሰው ነበር። ጌጤ ከፊት ናት። ሰላማዊት ከሁሉ ኋላ፣ ወገቧን ይዛ ትመጣለች። ፈንታነሽ በሩ ላይ ቆመች።

“ጌታው፣ አይድከሙ” አለች። “ልጅቱ ጠይቃዋለች። ውሸታሟ እኔ ነኝ። ባሌ ነው አልፈልጋትም ያለኝ።”

አቶ ደምሴ ግራ ገብቷቸው ለምን አልፈልግም እንዳለ ጠየቋት። ሰዉ አንገቱን አሰገገ። ከኋላዋ፣ ከመጋረጃው ውስጥ፣ ይሻው ትንፋሹን ይዞ እንደሚሰማ ታውቃለች። ጌጤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች፤ ነገ ይህ ወሬ ከገበያተኛ ጋር ወጥቶ ከፈንታነሽ ቀድሞ እብናት ይገባል። ሠላሳ ዓመት አብሯት የኖረ ባል በሕመሙ ቀን ገፋት ይባላል፤ ምን ብትበድለው ነው ይባላል፣ አንዱ ሙያ የላትም ይላል፣ ሌላው ከዚያ የባሰ ይጨምርበታል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ማንም አይመልሰውም።

“ሰልችቼው ይሆናል” አለች ፈንታነሽ።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። አቶ ደምሴ የጻፉትን ሰርዘው ሌላውን ክፍል ለማየት አለፉ፤ ሰዉም ተከተላቸው። ሰላማዊት ብቻ ፊት ለፊቷ ቆመች፣ ልትናገር አፏን ከፈተች፣ ፈንታነሽ ግን ምስጋናዋን ልትሰማት አልፈለገችም። ግቢና አገላብጭው፣ ሰዓቱ አልፏል ብላት ወደ አጥሩ ወረደች። ሲስተር ሰላማዊትን በልጣታለች፤ ይህን ግን በዚያ ግቢ ካለው ሰው መካከል መጋረጃው ውስጥ ከተኛው በቀር የሚያውቅላት አልነበረም፣ እሱም ቢሆን አንድ ቀን ይናገርልኛል ብላ አትጠብቅም።