የሄርሚና የእጅ ቅባት

በነሐሴ አጋማሽ አንድ ጠዋት አሎይስ ኩባት የመስታወት ቤቱን በር ገፋ አድርጎ ሲገባ ያርሚላ ታማ አገኛት።

ያርሚላ ሰው አይደለችም፤ ካናቢስ ናት። አሎይስ በየዓመቱ ከቲማቲሞቹ ጀርባ ሦስት እግር ካናቢስ ያበቅላል፤ ስማቸውንም በሚስቱ በሦስቱ እህቶች ያርሚላ፣ ቭላስታና ሊቡሼ ብሎ ይጠራቸዋል። ለምን ሲሉት፣ «ወገባቸው ሰፊ ነው፣ ሽታቸው በር ላይ ይቀበላል፣ አንዴ ከመጡም ቦታ አይለቁም» ይላል። ሚስቱ ሄርሚና መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር። ኋላ ግን ለመደችውና ራሷም «ቭላስታን ውሃ አጠጣሃት?» ማለት ጀመረች።

ሕጉ ለአንድ ሰው ሦስት እግር የፈቀደው ዘንድሮ ነው፤ አሎይስ ግን ማብቀል ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ። በእኛ መንደር በዚህ የሚደነግጥ የለም። አበባውን ከነቅጠሉ በአሳማ ሞራ አፍልቶ ጉልበቱንና ጣቱን የሚቀባ ሽማግሌ በየሁለት ቤቱ አለ። የፖሊሱ እናት እንኳ በየመኸሩ አንድ ማሰሮ ስለምትወስድ፣ ልጇ በአሎይስ አጥር ሲያልፍ ጫማውን እያየ ነበር የሚያልፈው። የሚያጨሰው ሰው ግን የለም። የልጅ ልጁ የሲልቪያ እጮኛ አንድ ጊዜ ትንሽ ልሞክር ቢለው አሎይስ «ጉልበትህን ያምሃል?» ብሎ ጠየቀው፤ አያመኝም ሲል «እንግዲያው ምን ልታደርግበት ነው?» ብሎ አሰናበተው።

የዚያን ቀን ጠዋት የያርሚላ ቅጠል ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ወጥቶ ነበር። አሎይስ መነጽሩን አድርጎ ቅጠሉን ገለበጠ። ከሥሩ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ቀያይ ተባዮች ይርመሰመሳሉ፤ በቅርንጫፎቹ መሐል ደግሞ ስስ ድር አድርተዋል።

የደነገጠው ለቅጠሉ ብሎ አይደለም። በጥቅምት ሦስተኛው ቅዳሜ ሲልቪያ ታገባለች። በእኛ አገር በሞራቪያ ሰርግ ያለ ኮላች አይሆንም፤ በሁለት ጉርሻ የሚያልቅ፣ በውስጡ አይብ ወይም የፕሪም ማርማላታ ያለበት ትንሽ ጣፋጭ ዳቦ ነው። ከሰርጉ በፊት በየጎረቤቱ ይታደላል። የሙሽራዪቱ አያት በሕይወት ካለች ሊጡን ዙሪያውን ሰብስባ የምትቆነጥጠው እሷ ናት፣ ከሌለች እናቷ፤ ሴቶቹም አቆነጣጠጡን አይተው ነው ስለ ቤቱ የሚያወሩት። ሄርሚና ለሁለቱም ሴት ልጆቿ ቆንጥጣለች። አሁን ግን ቁርጥማት ጣቶቿን አጣሞባታል፤ የአምናው ቅባትም በሰኔ አልቋል።

ወደ ቤት ሲመለስ ሄርሚና ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ሊጥ አስቀምጣ እጇን እየሞከረች ነበር። አንዱን ቆነጠጠች፣ ሁለተኛውን ቆነጠጠች፣ በሦስተኛው ፊቷን አጨማዳ ተወችው።

«ስንት ነው የሚያስፈልገው?» አለ አሎይስ።

«ስምንት መቶ።»

«ከዳቦ ቤት ብናዝስ...»

«ሎይዛ፣ ይህን ቃል ድገመውና ሰርጉን በመስኮት ታየዋለህ» አለችው በቁልምጫ ስሙ ጠርታ።

«እሺ፣ እሺ፤ ተውኩት።»

«አንተ ቅባቱን አድርስልኝ። ሌላው የእኔ ሥራ ነው። እህቶቼ እንዴት አደሩ?»

«ደህና ናቸው» አለ አሎይስ። ሄርሚና ከጓሮው ደረጃ ላይ ከወደቀች ወዲህ ወደ መስታወት ቤቱ ስለማትወርድ፣ አይቶ የሚነግራት እሱ ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱን ወይዘሮ ብላዤናን በአጥሩ ላይ ጠራቸው። ወይዘሮ ብላዤና የመንደሩን ግማሽ ሕዝብ ኬሚስትሪ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ዛሬም ሲናገሩ ጥቁር ሰሌዳ ከኋላቸው ያለ ይመስላቸዋል። ቅጠሉን አገላብጠው አዩት።

«አቶ ኩባት፣ ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን ከሥሩ በውሃ ይጠቡት። ክፉኛ የተበላውን ቆርጠው ያውጡ። ሦስት ሳምንት ይታገሱ።»

«ሦስት ሳምንት! እኔ እኮ ሙሽራ ነው ያለችብኝ።»

«ልጆችዎ ችኮላውን ከየት እንዳመጡት አሁን ገባኝ» አሉና ገብተው አንድ የክብሪት ቀፎ ይዘው ወጡ። ከፈት ሲያደርጉት ቀያይ ባለ ጥቁር ነጠብጣብ ጥንዚዛዎች ታዩ። «ከጽጌረዳዬ ላይ የለቀምኳቸው ናቸው። እነዚህ ይበሉልዎታል።»

«ይህቺ እፍኝ የማትሞላ ጥንዚዛ ለዚያ ሁሉ ሠራዊት?»

«አይቸኩሉ ብያለሁ።»

አሎይስ ጥንዚዛዎቹን ለቀቃቸው፤ አምስት ጠዋትም ጎንበስ ብሎ ቅጠል አጠበ። በስድስተኛው ቀን ቭላስታም ተይዛ አገኛት። አምስት ቀን ሦስት ሳምንት አለመሆኑን ያውቃል፤ ግን የሄርሚና ጣቶች ትዝ ሲሉት ቀኑ ይረዝምበታል። መፍትሔ ፍለጋ ዕቃ ቤት ገባ።

በአሎይስ ዕድሜ ያለ የእኛ አገር ሰው ዕቃ አይጥልም። የጠመመ ምስማር በቆርቆሮ፣ የማን ቤት እንደሆነ የማይታወቅ በር፣ ከፈረሰ ብስክሌት የተረፈ ደወል፣ ሁሉም «አንድ ቀን ይጠቅማል» ተብሎ ተቀምጧል። ከዚያ ሁሉ ጀርባ አባቱ ከመንግሥት የቢራ ጌሾ እርሻ ያመጡት አንድ የሩም ጠርሙስ ነበር። ሩም የለበትም። በአባቱ እጅ ጽሕፈት «ለጌሾ፤ ጥቂት ብቻ» ይላል፤ ሌላ ስም የለውም። ክዳኑን ሲከፍተው ዓይኑ አለቀሰ።

ሐሙስ ዕለት ሄርሚና ሐኪም ጋ ስትሄድ፣ ወይዘሮ ብላዤናም ከተማ ሲወርዱ ጠበቀና ረጨ። ጥቂቱን የለካው በራሱ ግምት ነው። ጥፋት መሆኑን አላውቅም ነበር እንዳይል፣ ባያውቅ ኖሮ ሰው እስኪሄድ አይጠብቅም ነበር።

እሑድ ጠዋት ተባይ የሚባል አልነበረም። ያርሚላ ቀና ብላለች፣ ቭላስታ ቀና ብላለች፣ ሊቡሼንማ ከመጀመሪያውም ተባይ ነክቷት አያውቅም። አሎይስ ደስ ብሎት ማፏጨት ጀመረ። ከዚያ የወደቀ ሲባጎ ለማንሳት ጎንበስ ሲል፣ አፈሩ ላይ የወይዘሮ ብላዤናን ጥንዚዛዎች በጀርባቸው ተንጋለው አያቸው። አንዱም አልተረፈም። በሩ ጥግ አንድ ንብ ሞታለች።

ፉጨቱን አቁሞ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። ይህ ነገር ቅጠሉ ላይ አለ። ቅጠሉ ከሞራው ጋር ይፈላል። ሞራው የሄርሚና እጅ ላይ ይቀባል። የሄርሚና እጅ ሊጥ ውስጥ ይገባል፤ ስምንት መቶው ኮላችም በየቤቱ ይታደላል፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም ይበላዋል። በእጁ ግንባሩን ያዘ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን በራሱ ያፈረበት ጊዜ አልነበረም።

ጓንት አድርጎ ሦስቱንም ከነሥራቸው ነቀላቸው። ሊቡሼ ጋ ሲደርስ ቆም አለ፤ እሷ እንኳ አልታመመችም ነበር። ሰኞ ዕለት በሦስት ከረጢት አስሮ፣ ጠርሙሱን ጨምሮ፣ ከተማ የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ወሰዳቸው።

«ምንድን ነው የያዙት?» አለች ተቀባይዋ።

«መርዝ። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ደግሞ መርዝ የተረጨ ካናቢስ ነው።»

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እዚህ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ካናቢስ ይዞ መጥቶ ጣሉልኝ ያለኝ ሰው እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እንግዲህ እዚያ ከቀለም ጣሳዎቹ አጠገብ ያስቀምጡት።»

ለሄርሚና መንገር ነበረበት። ማታ ሊነግራት አፉን ሲከፍት፣ እሷ የሙሽራዋን ልብስ ፎቶግራፍ እያየች «እህቶቼ እንዴት ዋሉ?» አለችው። «ደህና ናቸው» አለ። አንዴ ደህና ናቸው ካለ በኋላ በየቀኑ ደህና መሆናቸውን መናገር ግድ ሆነበት።

በመስከረም መጨረሻ፣ ሄርሚና ከሲልቪያ ጋር ልብስ ልትለካ በሄደችበት ቀን፣ አሎይስ ብቻውን ወጥ ቤት ገብቶ ንጹሕ የአሳማ ሞራ አቀለጠ። አረንጓዴ እንዲመስል ከጓሮው አንድ እቅፍ ፐርሰሜሎ ቆርጦ ጨመረበት፤ አጥልሎም በአምናው ማሰሮ ሞላው። ማሰሮውን በእሷ እጅ መስጠት ግን ፈራ፤ ጠጋ ብላ ብታሸተውስ?

«ዘንድሮ እኔ ልቀባሽ» አላት።

ሄርሚና ቀና ብላ አየችው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማሰሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቴሌቪዥን ላይ የበረዶ ሆኪ ሊያይ ነበር የሚሄደው፤ የምትቀባው እሷው ራሷ ነበረች። «ምነው፣ ሆኪ ቀረ እንዴ?» አለችና እጇን ዘረጋች።

የመጀመሪያው ቀን እንዴት እንደሚያሽ እንኳ አላወቀም። «ቲማቲም አይደለም፣ ረጋ በል» አለችው። በሦስተኛው ቀን የትኛው መገጣጠሚያ እንደሚያማት ለየ። ከእራት በኋላ ግማሽ ሰዓት፣ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት፣ ከዚያ ሌላው እጅ። አንድ ቀን አውራ ጣቷ ሥር የቆየ ጠባሳ አገኘና ከየት እንደመጣ ጠየቃት።

«የመጀመሪያዋ ልጃችን በተወለደች ዓመት የቼሪ ማሰሮ ተሰብሮብኝ ነው። አንተው ነህ እኮ ሐኪም ቤት የወሰድከኝ።»

አላስታወሰውም። «ዛሬስ እንዴት ነው?» ብሎ ጣቷን ሲያጥፍላት፣ «ደህና ነው፣ ቀጥል» አለችው።

የኮላቹ ቀን ቤቱ ሞላ። ሦስቱ እውነተኛ እህትማማቾች መጡ፤ ወይዘሮ ብላዤናም ሽርጣቸውን ይዘው መጡ። ሄርሚና ከጠዋት ጀምራ ቆነጠጠች። እስከ እኩለ ቀን መቶ ገደማ ሠራችና እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች። እህቷ ቭላስታ ሊጡን ወደራሷ ሳብ አድርጋ መቆንጠጥ ቀጠለች፤ ሄርሚናም በጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጣ እያንዳንዱን ኮላች ወደ ምድጃ ከመግባቱ በፊት በአንድ ጣቷ መሐሉን ተጫን አድርጋ ታሳልፈው ጀመር። በእሷ እጅ ያላለፈ አልነበረም።

«አቶ ኩባት፣ ትዕግሥት አይጠቅምም ሲሉ አልነበር? ተባዩን አሸንፈው ቅባቱን አደረሱ» አሉ ወይዘሮ ብላዤና።

የአሎይስ ፊት ደም መሰለ። አሜን ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ግን ሄርሚና በዚያች በአንዲት ጣቷ ስትጫን ሲያያት አልቻለም።

«አላሸነፍኩም» አለ። «የአባቴን መርዝ ረጨሁባቸው። ጥንዚዛዎችዎንም ገደልኳቸው። ሦስቱንም ነቅዬ ጣልኳቸው። ማሰሮው ውስጥ ያለው ሞራና ፐርሰሜሎ ነው። ይቅር በይኝ፣ ሚና።»



«እኔንም መርዘህ ጣልከኝ?» አለች ቭላስታ። ሊቡሼ ሳቋን ለማፈን አፏን በሽርጧ ያዘች።

ሄርሚና የያዘችውን ኮላች ተጭና አሳለፈች። «አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ። ዘጠኝ ዓመት ቅባት በፈላ ቁጥር መጋረጃው ሳይቀር ሳምንት ይሸታል። ዘንድሮ ቤቱ ሾርባ ሾርባ ነው የሸተተው። ቁርጥማቱ ጣቴ ላይ ነው እንጂ አፍንጫዬ ላይ አይደለም።»

«ታዲያ... ደህና ነው ስትዪኝ የነበረው? ተሽሎሽ አልነበረም?»

«አልተሻለኝም። ያው ነው፤ ሲያመኝ ነው የከረመው።»

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?»

«ብነግርህ ሆኪህን ልታይ ትሄድ ነበራ።»

እህቶቿ ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። አሎይስ የተጋገረውን ትሪ አንሥቶ ወጣ።

ያን ቀን ምሽት፣ ኮላቹ ሁሉ በየቅርጫቱ ተደርድሮ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ አሎይስ ከቁም ሳጥኑ ማሰሮውን አውርዶ ከፈተው። ባዶ ነበር። ዞር ሲል ሄርሚና ዱቄት ያልለቀቀው እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እየጠበቀችው ነው። ክዳኑን መልሶ ገጠመና ወንበሩን ስቦ ከአውራ ጣቷ ጀመረ።