አርባ ክዳን

ባለፈው ዓመት ግንቦት በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከምሳ በፊት ነው። የሚስቴ ወንድም፣ ኢንጂነሩ፣ በአምስት ሰው ፊት «ጋሼ፣ አንተ ካቻቢቴህን ያዝ፤ ማሰቡን ለእኛ ተወው» አለኝ። ሁለቱ ሳቁ። ሦስተኛውን ሻዩ ትን ሲለው ጀርባውን የመታሁለት እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ በሥራ ነገር አፌን ዘግቼ ኖርኩ። የላላ ብሎን አጠብቃለሁ፣ ቤቴ እገባለሁ።

ዛሬ ጠዋት ከእሱ ጋር የጨቅላ ሕፃናት ሚዛን ልንተክል ሆስፒታል ሄድን። አርባ ሠርተናል፤ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሚዛኑን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያነጋግረውን ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉትን፣ የጻፈው ኢንጂነሩ ነው። ገመድ ሲሰካ ዕቃው ውስጥ ያለው ቺፕ የዓይነቱን መለያ ቁጥር ይናገራል፤ ድራይቨሩም ቁጥሩን አይቶ «የኔ ነው» ብሎ ይይዘዋል። በቃ።

ያንን ቺፕ ግን አውቀዋለሁ። ርካሽ ስለሆነ የማይገባበት ዕቃ የለም። ለሕፃናቱ መድኃኒት የሚያንጠባጥበውን ፓምፕ ስጠግንም አይቼዋለሁ፤ ቁጥሩም ያው ነው። ፓምፑ ቱቦው ሲዘጋበት ነርስ የሚጠራው በዚያው ኮምፒውተር ነው። ድራይቨሩ ሚዛን መስሎት ከያዘው ጥሪው የትም አይደርስም።

ዝም ልል ነበር። ኢንጂነሩ ሲዋረድ ባየው ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። ግን ከጎናችን ባለው የመስታወት ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ክንዴን የማያክል ፍጡር ተኝቷል። እሱ ምን በወጣው።

ሥራ ፈትቶ የቆመውን መጠባበቂያ ፓምፕ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁት። ስክሪኑ ላይ «ሁለተኛ ሚዛን ተገኝቷል» የሚል ወጣ።

ዋናዋ ነርስ አየችና «ታዲያ ሕፃኑን ፓምፑ ላይ ላስተኛው?» አለች።

ኢንጂነሩ ግንባሩን ጠረገ። «እሺ፣ ድራይቨሩ መጀመሪያ ጥያቄ ይልካል። እንደ ሚዛን የመለሰውን ብቻ ይይዛል።»

«ለሚዛን ‹ስንት ነው› ማለት የሆነው ምልክት ለፓምፑ ‹ጀምር› ማለት ቢሆንስ?» አልኩ። «ያልታዘዘ መድኃኒት ልትለቅበት ነው?»

ነርሷ መጥታ ሳጥኑ ፊት ቆመች።

«እና ምን ይሻላል?» አለ ኢንጂነሩ።

«ቺፑ ከቁጥሩ ሌላ ስም የሚጻፍበት ቦታ አለው። የእኛን ስም እንጻፍበት። ድራይቨሩ ስሙን ካላየ እንዳይነካ።»

«ለመጻፍ እኮ የሚዛኑ ክዳን ተፈትቶ ውስጥ ያለው የቺፑ መቆለፊያ መነሳት አለበት። የአርባውም።»

«አውቃለሁ።»

ያን ጊዜ ነው ወገቤ ትዝ ያለኝ። በአንዱ ክዳን ስምንት ብሎን አለ፤ አንድ በአንድ ያጠበቅኋቸው እኔ ነኝ።

የኢንጂነሩ ፊት ፈታ አለ። «ይሁን፣ እንደሱ እናደርጋለን። ካቻቢቴህን ይዘሃል አይደል፣ ጋሼ?»

ሊያስቀይመኝ ብሎ አይመስለኝም። የዚያን ቀኑን ረስቶታል። የሳቁትን ሁለቱን ግን እኔ እስከ ሸሚዛቸው ቀለም አስታውሳለሁ። ሚዛኑን ነቅዬ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩና የመጀመሪያውን ክዳን ልፈታ ወደ ደረጃው ሄድኩ።